ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ፣ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ዐረፍተ ነገር፦ ለአንድ የኮምቦልቻ መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን ያቀረቡት ኮምቦልቻ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «48 − (12 − (7 − 3)) ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍላቸው አብዛኞቹ ተማሪዎቼ 40 ብለው በትክክል ይመልሳሉ። ያንኑ ስሌት በቃል ሳቀርበው፣ ማለትም ‹ከ48 ላይ ከ12 ላይ ከ7 ላይ 3 ሲቀነስ የሚቀረው ሲቀነስ የሚቀረው ሲቀነስ ስንት ይቀራል?› ስላቸው ግን ገሚሱ 26፣ ገሚሱ 44 ይለኛል። እነዚሁ ልጆች ‹የአክስቴ ባል እህት ልጅ› ሲባል ማን እንደሆነ ለማወቅ ዐይናቸውን አያሹም። ከተማሪዎቼ መካከል ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩም አሉ። አእምሯችን ውስጥ ቋንቋንም ሒሳብንም የሚያደራርብ አንድ መሣሪያ ነው ያለው? ከሆነስ የልጆቼ ችግር የአማርኛ ነው ወይስ የሒሳብ?»

መምህር፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለተኛውን ጊዜ እርሳስ ይዤ ነው፤ ምክንያቱም ያቀረቡትን የቃል ጥያቄ በጆሮዬ ብቻ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እኔም እንደማልመልሰው ገብቶኛል። ሥራዬ የሰው አእምሮ ዐረፍተ ነገርን እንዴት እንደሚሰማና እንደሚያቀናብር ማጥናት ነው፤ የምኖረውም ደሴ ስለሆነ ምሳሌዎቼን ከዚሁ ከአካባቢያችን እወስዳለሁ።

ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልስጥ። አእምሮን የሚያደክመው የድርብርቡ ጥልቀት ሳይሆን በአንድ ጊዜ ተከፍተው መዝጊያቸውን የሚጠብቁ ነገሮች ብዛት ነው። ይህ በቋንቋም በስሌትም ይታያል፤ ሁለቱ የሚሠሩበት የአንጎል ክፍል ግን፣ ቢያንስ በአዋቂ ሰው ላይ፣ በአብዛኛው የተለያየ ነው። ስለዚህ ተማሪዎችዎ የቃል ጥያቄውን ያልመለሱት አማርኛ ወይም ሒሳብ ስለማያውቁ ነው ብዬ አላምንም፤ የረታቸው ጥያቄው የተሰካካበት ቅደም ተከተል ነው።

በሙያው ሪከርሽን የሚባለው አንድ መዋቅር የራሱን ዓይነት መዋቅር በውስጡ መያዙ ነው፤ ቅንፍ ቅንፍን፣ ዐረፍተ ነገር ዐረፍተ ነገርን፣ ዝምድና ዝምድናን ይይዛል። ነገር ግን በዚህ አንድ ስም የሚጠሩ፣ ለአእምሮ ግን እጅግ የተለያየ ሸክም የሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ልዩነታቸውን መጀመሪያ የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአያቴ ነው። አያቴ ለጋብቻ ዘመድ ሲጣራ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። አንድ ቀን ገራዶ በሚገኘው ቤታቸው ቆጠራው መሐል ላይ ሳሉ ቡና ቀረበና ንግግራቸው ተቋረጠ። አቦሉ ተጠጥቶ፣ ስለ ዝናቡ ተወርቶ ካበቃ በኋላ «የት ላይ ነበርሁ?» አሉ። «ይመር ላይ» አልናቸው። «ይመር የሐሰን፣ ሐሰን የአሊ…» ብለው ቀጠሉ፤ አንድ ቤት እንኳ አልዘለሉም። እዚያ ጥልቀት ላይ ደርሰው ሳለ ለመቀጠል ያስፈለጋቸው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የቀደሙት ሁሉ ሥራቸውን ጨርሰው ተዘግተዋል። በእርስዎ ስሌት ውስጥ ግን አንድ ልጅ 7ን ይዞ 3ን ሊቀንስ ሲል ቡና ቢቀርብለት፣ ሲመለስ 48ንም፣ 12ንም፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ምን ሊደረግ ታስቦ እንደነበረም የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ሰባት ቤት መቁጠር በጥልቀቱ ከእርስዎ ሁለት ቅንፎች ይበልጣል፤ በሸክሙ ግን እጅግ ያንሳል።

አማርኛ በተፈጥሮው የአያቴን ዓይነት መንገድ የሚወድ ቋንቋ ነው። ይህን ይመልከቱ፦ «ከቦሩ ሜዳ የመጣው ነጋዴ የሸጠው በሬ የሰበረው አጥር ተጠገነ።» አጥሩን የሚገልጸው ሐረግ በሬውን የሚገልጽ ሐረግ ይዟል፤ እሱም ነጋዴውን የሚገልጽ ሌላ ሐረግ ይዟል፤ ስለዚህ ሦስት ድርብ ነው። ሆኖም ደሴ ፒያሳ ላይ ለማንም መንገደኛ ቢናገሩት «የማን አጥር?» ብሎ ይጠይቅዎት ይሆናል እንጂ «ምን አሉ?» አይልዎትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «የመጣው» ሲባል ጆሮ ስም ይጠብቃል፣ ወዲያው ነጋዴው ይመጣል፣ ነገሩ ይዘጋል፤ «የሸጠው» ሲባል በሬው ይመጣል፣ ይዘጋል። አንድም ጊዜ ከአንድ በላይ በር ተከፍቶ አያድርም። ይኸንኑ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ለመናገር የሚሞክር ሰው ግን፣ በዚያ ቋንቋ ስም ገላጩን ስለሚቀድም፣ ግሦቹን ሳይለውጥ ከተናገረ አጥሩን፣ በሬውንና ነጋዴውን አከታትሎ ደርድሮ ግሦቻቸውን ከኋላ ለመከመር ይገደዳል፤ አድማጩም በሁለተኛው ስም ላይ መንገድ ይስታል። ጥልቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ሕዝብ እንደ ተራ ወሬ ይሰማዋል፣ ሌላው እንደ እንቆቅልሽ። የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ድርብርብ ዐረፍተ ነገር ከባድ ነው ሲሉ እኛም ሳንመረምር ብንቀበለው ስሕተት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የልጆቹ «የአክስቴ ባል እህት ልጅ»ም ከዚሁ ወገን ነው፤ በዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለበት። ሥርዓቱ ቢጠበቅ ለእያንዳንዱ ዝምድና አንድ «የ» ሊኖር ይገባ ነበር፤ አክስቴ ባሏን፣ ባሏ እህቱን፣ እህቱ ልጇን ትይዛለችና። አማርኛ ግን የተደራረቡትን «የ»ዎች ውጦ አንዲቱን ብቻ ያስቀራል። «ከአክስቴ ባል ቤት መጣሁ» ስንል ደግሞ «ከ» ያችንም የቀረችውን ትውጣታለች፤ ይሁንና ማንም ግር አይለውም። ሒሳብ ሦስት ቅንፍ ከፍቶ አንዱን ብቻ ቢያሳይ ስሌቱ ይበላሻል፤ የእርስዎ ተማሪዎች ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተሰወረ ቅንፍ በጆሯቸው መልሰው እየተከሉ ነው የኖሩት። ይህን የሚያደርግ ልጅ የመደራረብ ችሎታ ጎደለው ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ልሻገር። ይህን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ያንብቡት፦ «መምህሩ ዳይሬክተሩ ወላጆቹ ልጁ መታመሙን እንደነገሩት እንደጻፈለት አወቀ።» ስምንት ቃላት ናቸው፤ ሰዋስዋዊ ስሕተትም የለባቸውም፤ ግን አንባቢ ወደ ኋላ ሳይመለስ አያልፋቸውም። አራት ባለቤቶች አከታትለው ገብተው እያንዳንዳቸው ግሣቸውን ይጠብቃሉ፤ ግሦቹ ደግሞ መጨረሻ ላይ በተገላቢጦሽ ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ግሥ ለመጨረሻው ባለቤት፣ የመጨረሻው ግሥ ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። አሁን ያንኑ ስምንት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ላዙረው፦ «ልጁ መታመሙን ወላጆቹ እንደነገሩት ዳይሬክተሩ እንደጻፈለት መምህሩ አወቀ።» ድርብርቡ ያው ነው፤ ማን ለማን ምን እንዳለም አልተለወጠም፤ ሸክሙ ግን ወረደ። ልጁ ታመመ፣ ተዘጋ፤ ወላጆቹ ነገሩት፣ ተዘጋ፤ ዳይሬክተሩ ጻፈለት፣ ተዘጋ። በእኔ አመለካከት በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፈው ብዙ ክርክር ይልቅ እነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ቢነበቡ የበለጠ ያስተምራሉ።

የእርስዎ የቃል ጥያቄ የተሠራው ከሁለቱ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አምሳል ነው። «ከ48 ላይ ከ12 ላይ ከ7 ላይ» ሲባል ሦስት በር ይከፈታል፤ ከዚያ «ሲቀነስ የሚቀረው ሲቀነስ የሚቀረው ሲቀነስ» የሚል ተመሳሳይ የግሥ ክምር ይመጣና የትኛው የየትኛው መዝጊያ እንደሆነ ልጁ በጆሮው መለየት ይኖርበታል። ቢያዞሩት እንዲህ ይሆናል፦ «ከ7 ላይ 3 ሲቀነስ የሚቀረው ከ12 ላይ ሲቀነስ የሚቀረው ከ48 ላይ ሲቀነስ ስንት ይቀራል?» እዚህም አንድ ቃል አልጨመርሁም፣ አንድም አልቀነስሁም። ልጁ 4 ይላል፣ 8 ይላል፣ 40 ይላል፤ በየደረጃው በእጁ የሚይዘው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

የልጆቹ ስሕተቶችም እኩል አይደሉም፤ ከመልሱ ትክክለኛነት ይልቅ ስለ አእምሮ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። 26 ያለው ልጅ ምንም በር አልከፈተም፤ ከ48 ላይ 12ን፣ 7ንና 3ን እንደ ገበያ ዕዳ አከታትሎ ቀነሰ። ይህ ልጅ መዋቅሩን አላየውም፤ ወይም መሸከም እንደማይችል አውቆ ወደሚያውቀው ቀላል መንገድ ሸሽቷል። 44 ያለው ግን ሌላ ሰው ነው። 7 − 3ን በትክክል 4 ብሏል፤ ከ48 ላይ መቀነስ እንዳለበትም አልረሳም፤ የጠፋበት መካከለኛው 12 ነው። 8 ብሎ የሚያቆም ልጅም አይጠፋም፤ እሱ የውጨኛውን በር ሳይዘጋ ወጥቷል። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ኤክስ ማድረግ የሚያሳዝን ብክነት ነው።

ስለ 44 ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በቋንቋ ጥናት ውስጥ መንታ ወንድም አለው። ኤድዋርድ ጊብሰንና ጄምስ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1999 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሁለት ድርብ ያለው ከባድ ዐረፍተ ነገር ሲቀርብላቸው፣ ሦስት ግሥ ሊኖረው ሲገባ መካከለኛው ግሥ ቢወጣበት ስሕተቱን እንደማያዩት፣ ሁለት ግሥ ብቻ ያለውንም ከሙሉው ባላነሰ ሁኔታ እንደሚቀበሉት አሳይተዋል። የመጀመሪያው ባለቤት በፊትነቱ፣ የመጨረሻው በቅርብነቱ ይታወሳል፤ የሚረሳው መካከለኛው ነው። የ44 ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው ብዬ አስባለሁ። ከላይ ከጻፍሁት ዐረፍተ ነገር ውስጥ «እንደጻፈለት»ን አውጥተው «መምህሩ ዳይሬክተሩ ወላጆቹ ልጁ መታመሙን እንደነገሩት አወቀ» ብለው ለባልደረባዎ በፍጥነት ቢያነቡለት ዳይሬክተሩ ያለ ሥራ ቆሞ መቅረቱን ልብ ይል እንደሆነ ይፈትኑት።

ይህ ስሕተት ግን የሁሉም ሰው ዕጣ አይደለም። ሽራቫን ቫሲሽትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ጀርመንኛ አንባቢዎች በቋንቋቸው በተጻፈ ተመሳሳይ ዐረፍተ ነገር ላይ በዚህ እንደማይታለሉ ታይቷል፤ ጀርመንኛ በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ግሥን ወደ መጨረሻ ስለሚልክ ተናጋሪው ግሥ መጠበቅ ለምዷል። የበለጠ የሚያስገርመው በ2016 የወጣው የሆላንድ ጥናት ነው፤ እነዚያው የደች (የሆላንድ ቋንቋ) ተናጋሪዎች በአፍ መፍቻቸው ሲያነቡ የጎደለው ግሥ ይታወቃቸዋል፣ በእንግሊዝኛ ሲያነቡ ግን እንደ እንግሊዞቹ ይታለላሉ። ጭንቅላቱ አንድ ነው፤ የማስታወስ ዐቅሙም አንድ ነው፤ የተለየው ቋንቋው ያስለመደው የመጠበቅ ልማድ ነው። ስለዚህ የሸክም ልክ ከልምድ ጋር አብሮ የሚሠራ ነው፤ ለአስተማሪ ይህ መልካም ዜና ነው።

ልኩ ራሱ ግን አለ። የቋንቋ ሊቁ ኖአም ቾምስኪና የሥነ ልቦና ሊቁ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ሥራ ሰዋስው ያለ ገደብ እንዲደራረብ ይፈቅዳል፣ የሚገድበው የተናጋሪው ትውስታ ነው የሚል አቋም ይዘዋል። ሚለር ቀደም ብለው በ1956 የቅርብ ትውስታ ሰባት ያህል ነገር እንደሚይዝ የጻፉት ዝነኛ ነው፤ ኔልሰን ኮዋን በ2001 ቁጥሩን ወደ አራት ገደማ አውርደውታል። የፊንላንዱ የቋንቋ ሊቅ ፍሬድ ካርልሰን ደግሞ በ2007 ከሰባት የአውሮፓ ቋንቋዎች 119 እውነተኛ ምሳሌዎች ሰብስበው ሲመረምሩ በጽሑፍ የተገኘው ከፍተኛ የመሐል ስክክ (አንዱ ዐረፍተ ነገር በሌላው መሐል መግባቱ) ሦስት ድርብ ሆነ፤ በንግግር ከአንድ ያለፈው ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል። እርስዎ በቃል የጠየቁት ስሌት እንግዲህ ሰው በአፉ ከሚናገረው ልክ ውጭ ነው፤ በሰሌዳ ላይ ሲሆን የቀለለው ጠመኔው ስለሚያስታውስላቸው ነው። ዐይን ወደ 48 ሊመለስ ይችላል፤ ጆሮ ግን አይመለስም።

በዚህ ላይ የመመሳሰል ጣጣ ይጨመራል። በእኔ ስምንት ቃላት ውስጥ «እንደነገሩት» የብዙ ቁጥር ምልክት ስላለው ቢያንስ ወላጆቹን ለብቻቸው ይለያቸዋል፤ መምህሩና ዳይሬክተሩ ግን ሁለቱም ነጠላ ወንድ ስለሆኑ ይጋጫሉ። አንዱን «ዳይሬክተሯ» እና «እንደጻፈችለት» ቢያደርጓቸው ጥቂት ሲቀል ይሰማዎታል። የእርስዎ ስሌት ሦስቱም ቅነሳ ነው፤ ሦስቱም «ላይ» እና «ሲቀነስ» ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚለይ ምልክት የለውም። አንዱ ቢባዛ፣ ወይም አንዱ ኩንታል ሌላው ብር ቢሆን፣ ልጁ የሚይዘው ነገር መለያ ያገኛል።

«አንድ መሣሪያ ነው ወይ?» ወደሚለው ልመለስ። ሐሳቡ የመጣው ከትልልቅ ሰዎች ነው፤ ቾምስኪ የቁጥር ችሎታችን ከቋንቋ ችሎታ የተቀዳ ሊሆን እንደሚችል ሲናገሩ ኖረዋል፤ በ2002 ከማርክ ሐውዘርና ከተካምሰህ ፊች ጋር ባወጡት ጽሑፍም ሪከርሽንን የሰው ቋንቋ ልዩ እምብርት አድርገው አቅርበዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ዳንኤል ኤቨረት የአማዞኑ የፒራሃ ቋንቋ ድርብ ዐረፍተ ነገር የለውም ብለው ሲነሡ ክርክሩ ገነፈለ፤ በ2009 መረጃውን በሌላ መንገድ የተረጎሙ ሦስት ሊቃውንት መልስ ሰጡ። ያ ክርክር ለእርስዎ ክፍል ብዙ ስለማይጠቅም አልፈዋለሁ።

የሚጠቅመው ሮዝመሪ ቫርሊና ባልደረቦቿ በ2005 ያሳተሙት ነው። የግራ አንጎላቸው የቋንቋ ክፍል በሰፊው የተጎዳ ሦስት ወንዶች ነበሩ፤ የሰዋስው ችሎታቸው ክፉኛ ከመጎዳቱ የተነሣ ሁለቱም ወገን አድራጊ ሊሆን በሚችልበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አድራጊውንና ተደራጊውን መለየት ያቅታቸዋል። ቅንፍ ያለበት ስሌት በአሃዝ ሲቀርብላቸው ግን ሠሩት፤ ቅደም ተከተሉንም ጠበቁ። የቁጥር ስሞችን በቃል መልክ ማስተናገድ ግን ይቸግራቸው ነበር። የአንጎል ምስል ጥናቶችም ወደዚያው ያደላሉ፤ ማሪ አማልሪክና ስታኒስላስ ደሃን በ2016 እንዳሳዩት የሒሳብ ሊቃውንት ስለ ሒሳብ ሲያስቡ የሚነቃው ፓራይታል የሚባለውን ክፍል የሚያካትት መረብ ነው እንጂ ተለምዶ የቋንቋ የሚባሉት ክፍሎች አይደሉም። በዚህ ብቻ ብናቆም «ሁለት መሣሪያ ነው» ብለን በዘጋነው ነበር።

ነገር ግን ክሪስቶፍ ሼፐርስና ባልደረቦቹ በ2011 ሌላ ነገር አገኙ። እንደ 90 − (5 + 15) ÷ 5 ያለ ስሌት፣ ማለትም ማካፈሉ መላውን ቅንፍ የሚይዝበት፣ የሠሩ ሰዎች ወዲያው ቀጥሎ የተጀመረ ዐረፍተ ነገር ሲጨርሱ ገላጩን ሐረግ ከሰፊው ስም ጋር ማያያዝ ያዘወትራሉ፤ እንደ 90 − 5 + 15 ÷ 5 ያለውን፣ ማካፈሉ አጠገቡ ያለውን ቁጥር ብቻ የሚይዝበትን፣ የሠሩት ደግሞ ከቅርቡ ስም ጋር ያያይዛሉ። በአማርኛ «ደሴ የሚኖረው የጓደኛዬ ወንድም» ስንል ደሴ የሚኖረው ጓደኛዬ ነው ወይስ ወንድሙ? ልዩነቱ ይህን የመሰለ ነው። ስሌቱ የዐረፍተ ነገሩን አያያዝ ቀባው ማለት ነው፤ ፍጹም የማይገናኙ ቢሆኑ ኖሮ ይህ አይሆንም።

እኔ ሁለቱን ግኝቶች የማስታርቃቸው እንዲህ ነው። የቃሉና የቁጥሩ ጎተራ የተለያየ ነው፤ በየጎተራው የሚሠራው እጅም የተለያየ ነው፤ ነገር ግን «ይህን ክፍት አድርገህ ቆይ፣ ያን ጨርሰህ ተመለስ» የሚለው አሠራር በሁለቱም ዘንድ አንድ መልክ አለው፣ ትኩረትና የቅርብ ትውስታም ለሁለቱም የሚከፈሉ ከአንድ ኪስ ነው። ቫርሊ ግኝታቸውን የገለጹት ስለ በሰለ አእምሮ ብቻ መሆኑንም ልብ ይበሉ። ሦስቱ ሰዎች ቅንፍን የተማሩት ቋንቋቸው ጤነኛ በነበረበት ዘመን ነው፤ አሁን ያለ መሰላል ጣራው ላይ መቆማቸው ያለ መሰላል ወጡ ማለት አይደለም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ገና መሰላሉ ላይ ነው።

አንድ የጎንዮሽ ነገር ልጨምር፤ የሒሳብ መምህር ስለሆኑ ይወዱታል። የፖላንዱ የሥነ አመክንዮ ሊቅ ያን ዉካሼቪች በ1920ዎቹ ምልክቱን ከቁጥሮቹ ፊት በማስቀደም ቅንፍን ጨርሶ የሚያስቀር አጻጻፍ አወጡ። ይህ ሲገለበጥ ቁጥሮቹ ይቀድማሉ፣ ምልክቱ ይከተላል፤ በ1972 የወጣው የሂውሌት ፓካርድ ኤችፒ 35 የኪስ ካልኩሌተር የሚሠራው እንዲህ ነበር። ቁጥሮቹ እንደ እንጀራ በመሶብ ይደራረባሉ፤ መጨረሻ የገባው ከላይ ስለሆነ መጀመሪያ ይነሣል። አማርኛም እንዲሁ ነው፤ «ከ7 ላይ 3 ቀንስ» ስንል ቁጥሮቹ ቀድመው ይገባሉ፣ ግሡ መጨረሻ ላይ መጥቶ ይሠራባቸዋል። ያ ካልኩሌተር በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው አራት እንጀራ ብቻ ነበር፤ ከኮዋን ቁጥር ጋር መግጠሙ ግጥምጥሞሽ ቢሆንም ሳስታውሰው ያስቀኛል።

ወደ ክፍልዎ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የማደርገው ምርመራ ነው። አንዱን ስሌት በሦስት መልክ ይስጡ፤ በአሃዝና በቅንፍ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በሚሄድ ንግግር፣ እንዲሁም እርስዎ በጠየቁበት በተሰካካው ንግግር። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲነገረው የሚመልስና ሲሰካካ የሚስት ልጅ ሒሳቡም አማርኛውም ደኅና ነው፤ የጎደለው ንግግርን የማዞር ልምድ ነው። በሁለቱም ንግግር የሚስት፣ በአሃዝ ግን የሚመልስ ልጅ ነው የቋንቋ ጥያቄ የሚነሣበት። በአሃዝም 26 የሚል ካለ ለእሱ ቅንፍን እንደገና ማስተማር ነው፤ በአማርኛ መምህሩ ማሳበብ አይገባም።

ቀጥሎ የማዞርን ሥራ እንደ ራሱ ትምህርት ያስተምሩት። «መጀመሪያ ሊታወቅ የሚችለው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ልጁ «ከ7 ላይ 3» ይላል፤ ጥያቄውን ከዚያ ጀምሮ በራሱ አፍ እንዲደግመው ያድርጉ። ቶም ሐድሰን በ1983 ለትንንሽ ልጆች «ወፎቹ ከትሎቹ በስንት ይበልጣሉ?» ከማለት «ስንት ወፎች ትል ሳያገኙ ይቀራሉ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሳቸው እጅግ የተሻሻለው ሒሳቡ ስለተለወጠ አልነበረም። ነገር ግን ጥያቄውን ሁልጊዜ እርስዎ አዙረው አይስጧቸው፤ የሚሻለው ማዞሩን የልጁ ሥራ ማድረግ ነው፤ ፈተና ላይ የሚያዞርለት የለምና።

ሦስተኛ፣ በእጅ መያዝን አያሳፍሩ። ልጆች ሲደምሩ «5 ይጻፋል፣ 1 በእጅ» ይላሉ፤ ቃሉ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ ከአንዲት እናት ምስርና አተር ገዝቼ ነበር፤ የምስሩን ሒሳብ በቃላቸው ሠርተው ቁጥሩን ነገሩኝና «ይቺን ያዝልኝ» ብለው ወደ አተሩ ዞሩ፤ አተሩን ሲጨርሱ «ስንት ነበር ያስያዝሁህ?» አሉኝ። የራሳቸውን በር በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ከፍተው አቆዩት። ተማሪ የመካከለኛውን ውጤት በወረቀት ጠርዝ ላይ ሲጽፍ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ «በጭንቅላትህ ሥራ» ብሎ መከልከል የሚለካው ሒሳቡን ሳይሆን የጆሮውን ጽናት ነው።

ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩትን ልጆች በተመለከተ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ኦሮምኛም እንደ አማርኛ ግሥን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ገላጭ ሐረጉ ግን ከስሙ በኋላ ነው የሚመጣው። «ትናንት የመጣው ሰው» የምንለውን እነሱ «ነምኒ ከሌሳ ዹፌ» ይሉታል፤ ሰውየው ይቀድማል፣ ትናንት መምጣቱ ይከተላል። ስለዚህ ለእኛ እንደ ውሃ የፈሰሰው የቦሩ ሜዳው አጥር በእነሱ ቋንቋ አጥሩን፣ በሬውንና ነጋዴውን አስቀድሞ ግሦቹን ሊያዘገይ ይችላል። እነዚህ ልጆች መግለጫ ሲሰሙ የለመዱት ስሙን ቀድመው ይዘው መቆየትን ነው፤ የሚቸገሩትም ሆነ የሚቀልላቸው ነገር ከጓደኞቻቸው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። የእነሱን ወረቀት ሲያርሙ 26ና 44ን ለየብቻ ይቁጠሩ፤ ከዚያ አንዱን ልጅ ጠርተው ጥያቄውን በቤቱ ቋንቋ ጮክ ብሎ እንዲነግርዎት ያድርጉና ከየትኛው ቁጥር እንደሚጀምር ያዳምጡ።